ምዕራፍ 7፦ ግሉኮሱ ውስጥ ምን አለ?

«ህመም የሚያጠፋ መርፌ» የሚለውን አባባል ያወጣውን ሰው ባገኘው፣ አንድ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል አሳድረው ነበር። በደም ሥር የሚሰጥ የምጥ ማስታገሻ ህመምን አያጠፋም። «ልጁን ይገድለዋል፣ አትንኩት!» የሚለው ሌላው ወገንም ያንኑ ያህል ያናድደኛል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም ደግሞ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት።

ባለፈው ምዕራፍ ያየነው የጀርባ መርፌ ህመሙን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ይሄኛው አንጎል ድረስ ይሄዳል።

መንገዱን በአርሲዋ ሁሩታ ላስረዳ። ጡንቻ ላይ የተወጋ መድኃኒት ከገጠር በእግሩ ተነስቶ ሁሩታ መናኸሪያ የሚደርስ ገበያተኛ ነው፤ ጭቃው ያዘገየዋል፣ ሸክሙ ያስቆመዋል። በካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ በሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ የገባው ግን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ኢተያን አልፏል። ጡንቻ ላይ የተወጋ ፔቲዲን የተባለ ማስታገሻ ሥራ እስኪጀምር ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲያስጠብቅ፣ በደም ሥር የተሰጠ ሌላው ማስታገሻ፣ ፌንታኒል፣ በጥቂት ደቂቃ የሚሰማው ለዚህ ነው። እንግዴ ልጁ ደግሞ ኬላ ነው። የኬላው ጠባቂ ግን እነዚህን ተሳፋሪዎች መታወቂያ አይጠይቅም፤ ሁሉንም ያሳልፋል። ቁም ነገሩ ካለፉ በኋላ ልጁ ቤት ስንት ጊዜ ይሰነብታሉ የሚለው ነው። ፔቲዲን እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ እንግዳ ነው፤ ተሰባብሮ የሚተወው ኖርፔቲዲን በአራስ ልጅ ደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ፌንታኒል እንዲህ ያለ ቅሪት የለውም፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሠርቶ ይወርዳል። ሦስተኛውን ማስታገሻ ሬሚፌንታኒልን ደግሞ ደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ወዲያው ወዲያው ያፈርሱታል። ተሳፋሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ይሟሟል ማለት ነው፤ ረዳቱ ሂሳብ ሊሰበስብ ዞር ሲል ወንበሩ ባዶ… እሺ፣ ምሳሌዬ እዚህ ጋ ጎማው ፈነዳ። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ሬሚፌንታኒልን እናቲቱ ራሷ ምጡ ሲመጣ ቁልፍ ተጭና ነው የምትወስደው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ የእንግሊዝ ጥናት፣ ፔቲዲን ከተወጉት እናቶች 41 በመቶ ያህሉ ቆይተው የጀርባ መርፌ ሲያስፈልጋቸው፣ ሬሚፌንታኒል ከወሰዱት ግን 19 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሳነብ ቀናሁ። ግን ያው መድኃኒት የእናቲቱን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ አጠገቧ ከእሷ ንቅንቅ የማትል አንዲት አዋላጅ ይፈልጋል። እኔ በሠራሁባቸው ክፍሎች አንዷ አዋላጅ ሦስት ምጥ ትጠብቃለች፤ አንዷ ማርያምን፣ አንዷ አላህን፣ አንዷ እኔን ትጠራለች።

አሁን ወደምወደው ጠብ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1996 የስዊድን ተመራማሪዎች በደም ሥር ሞርፊንና ፔቲዲን ለምጥ ሰጥተው ያገኙት ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ እናቶቹ ደነዘዙ፣ የህመማቸው መጠን ግን እምብዛም አልቀነሰም። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የጀርመኗ ፍራይቡርግ ሐኪሞች ሞርፊንን ስኮፖላሚን ከተባለ መድኃኒት ጋር ሲሰጡ ሴቶቹ ይጮኹ ነበር፤ ሲነቁ ግን አያስታውሱትም። ታዲያ የታከመው ማን ነው? እናቲቱ ወይስ ጩኸት የሰለቸው ክፍል? ይህን ጥያቄ ስብሰባ ላይ አንስቼ ሻይ ዕረፍት ተባለብኝ። በሌላ በኩል ደግሞ «ህመሙ አለ፣ ግን ራቅ አለልኝ» ያሉኝ እናቶች አሉ፤ ለደከማት ሴት ያቺ ርቀት ትንሽ ነገር አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 መመሪያው ፌንታኒልንና ፔቲዲንን ለጠየቀች ጤነኛ እናት ፈቅዷል። «ለጠየቀች» የምትለዋን ቃል አስምሩባት።

እንድትጠይቅ ግን የሰቀልንላትን ማወቅ አለባት። በአርሲ ውስጥ ስሙን በማልጠራው ማዋለጃ ክፍል፣ ከሁሩታ አካባቢ የመጣች የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ልጅ ነበረች። እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋው ራስጌ ቆመዋል። «ልጄ፣ ያን ግሉኮስ ከሰቀልሽላት ወዲህ እኮ ባሰባት!» አሉኝ።

«እማማ፣ ማስታገሻ አይደለም። የምጥ መርፌ ነው፤ ምጡን የሚያበረታ።»

ዝም ብለው አዩኝ። ልጅቷ ሁለት ሰዓት ሙሉ ህመሙ አሁን ይበርዳል ብላ ጠብታውን ስትቆጥር ኖራለች። ከረጢቱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ኦክሲቶሲን እንደገባበት ያልነገርኳትም እኔው። ያው ፕላስቲክ፣ ያው ቱቦ፤ ህመም የሚያበረታውም የሚያርቀውም ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል።

ስሙን ካወቁ ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። እናቲቱ ፔቲዲን ከተወጋች ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ የሚወለድ ልጅ ትንፋሹ ሊደክም ስለሚችል፣ ማስተንፈሻው አምቡ ባግ አጠገብ መሆን አለበት፤ መርፌው ስንት ሰዓት እንደተሰጠ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ ግን ተረኛዋ በምን ታውቃለች? (እነዚህ መድኃኒቶች የሚያመጡትን ማቅለሽለሽ አልረሳሁትም፤ መከላከያው ቀላል ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ፓራሲታሞልም አለ፤ ትንፋሽ አይነካም፣ ጉልበቱም ያንኑ ያህል ደካማ ነው።)

ልጅቷ ንጋት ላይ ወለደች። ለደም መፍሰስ መከላከያ ሌላ ከረጢት ይዤ ስመጣ እማማ እጄን ያዙኝ።

«ይሄኛውስ ስሙ ማነው?»

ነገርኳቸው። ወደ ጎረቤት አልጋ ዞረው፣ የማያውቋትን ሴት ከረጢት በጣታቸው አሳዩኝ። «የእሷስ?»