«ኦሮማይ» በመደርደሪያችን ላይ

ዘንድሮ አንድ ወላጅ «ኦሮማይ»ን ከቤተ መጻሕፍታችን አግኝተው «ይህ ለልጆች ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁን። ተገቢ ጥያቄ ነው።

የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. እንደታተመ ብዙ ሳይቆይ በደርግ ታግዶ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን አልጠፋም፤ አንባቢዎች በስውር እየተዋዋሱ አቆዩት፤ ከደርግ ውድቀት በኋላም በይፋ ታተመ።

እዚህ ገዳሪፍ የአማርኛ መጽሐፍ የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ በመተማ በኩል፣ በመንገደኛ ሻንጣ ነው። ስለዚህ አንዲት ቅጂ እንኳ ማንሳት ይከብደናል። «ኦሮማይ»ን ከፍ ላሉት ክፍሎች መደብነው። ወላጅ ለራሱ ልጅ ይወስናል፤ ለጎረቤቱ ልጅ ግን አይወስንም። ማን ምን እንደተዋሰ ለማንም አንናገርም፤ መጽሐፉ ሲመለስ ስሙን ከመዝገብ እንሰርዛለን።

አሁን ሦስት ተማሪዎች ወረፋ ይዘውበታል።