የንጹሕ ኀይል ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚገኘው ኀይል ጢስ የሌለው፣ ምንጩም የማይነጥፍ በመሆኑ ሁሉም ያመሰግነዋል። ምስጋናውም የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ቤት ገዝቶ ቁልፉን ያልተረከበ ሰው ባለቤት ነው ለማለት እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ መሣሪያ ገዝቶ አሠራሩን ያላወቀ አገርም የኀይሉ ባለቤት ነው ለማለት ያስቸግራል። ዛሬ ከተማሪዎቻችንና ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞቻችን ጋር ልንወያይበት የፈለግነው ጕዳይ ይኸው ነው።

የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ወደ ዩክሬን በዘመተበት ማለዳ፣ ቪያሳት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሳተላይት የሚሰጠው የመገናኛ አገልግሎት በኮምፒዩተር ጥቃት ተበጠሰ። ጥቃቱ ያነጣጠረው በዩክሬን ላይ ነበር፤ ነገር ግን ከጦርነቱ ርቀው በመካከለኛው አውሮፓ የቆሙ 5,800 የነፋስ ተርባይኖች በዚያው መስመር ከሩቅ ይጠበቁ ስለ ነበር፣ ጠባቂዎቻቸው ሊያዩአቸውም ሊያዝዟቸውም ሳይችሉ ቀሩ። ደግነቱ ተርባይኖቹ ትእዛዝ ባይደርሳቸውም በራሳቸው እንዲሠሩ ሆነው የተሰናዱ ነበሩና ኀይል መስጠታቸውን አላቋረጡም።

ከዚያም አስቀድሞ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. በዩክሬን 225,000 ያህል የኤሌክትሪክ ደንበኞች በተመሳሳይ ጥቃት መብራት አጥተው ነበር። መብራቱ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞቹ ወደየማከፋፈያ ጣቢያው ሄደው ማብሪያውን በእጃቸው ስለ መለሱ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ነገሮች የምንማረው፣ መሣሪያው ያለ ሩቅ ትእዛዝ መሥራት፣ ሠራተኛውም ያለ ኮምፒዩተር መሥራት የሚችሉ መሆን እንዳለባቸው ነው።

ሁለተኛው ችግር የዕቃው ምንጭ ነው። በዓለም ላይ የፀሐይ ኀይል ሰሌዳ ከሚሠራባቸው ደረጃዎች በያንዳንዱ ከመቶ 80 እጅ በላይ የሚሆነው በቻይና እጅ ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የቻይና መንግሥት 7 ዓይነት ብርቅ ማዕድናትና ከነርሱ የሚሠሩ ማግኔቶች ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ባዘዘ ጊዜ፣ አንዳንድ የአውሮፓ የአውቶሞቢል ዕቃ ፋብሪካዎች ሥራቸውን እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት እንዲህ ያለውን ነው።

ታዲያ ወደ ቤንዚን እንመለስ ማለታችን ነውን? አይደለም። ነዳጅ ከባሕር ማዶ ለሚመጣላት አገራችን ቤንዚንም ቢሆን ቁልፉ በሰው እጅ ነው። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ፣ በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መምታታቸውንና ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ የማያስታውስ የለም። ልዩነቱ፣ ነዳጅ ባለቀ ቍጥር እንደ ገና የሚገዛ ሲሆን፣ የነፋስና የፀሐይ መሣሪያ ግን አንዴ ከተተከለ ብዙ ዓመት የሚያገለግል መሆኑ ነው። ስለዚህ መጠንቀቅ የሚገባው ከመግዛት በፊት ነው።

በኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ተገልጧል። 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ውሃው የራሳችን ነው፤ ባትሪው ግን ተገዝቶ የሚመጣ ነው። የውሳኔው ፍሬ የሚታየውም መኪናው በገባበት ቀን ሳይሆን በተበላሸበት ቀን ነው።

ስለዚህም ነገ የግዢ ውል በጠረጴዛው ላይ የሚቀርብለት ወጣት ሹም ከዋጋው አስቀድሞ እነዚህን ይጠይቅ፤ የመቈጣጠሪያው የምስጢር ቃል የሚረከበው ማን ነው? ሻጩ ከአገሩ ሆኖ መሣሪያችንን ሊያጠፋው ይችላልን? መለዋወጫው ከስንት አገር ይገኛል? የሚጠግኑት ልጆቻችን የሚማሩት መቼ ነው? ያረጀው ባትሪ የሚጣለውስ የት ነው? ለነዚህ መልስ ያልያዘ ውል ዋጋው ቢረክስም ርካሽ አይባልም። ተማሪውም በበኩሉ መሣሪያውን መንዳት ብቻ ሳይሆን ፈትቶ መግጠምን ይማር። ቁልፉ ወደ እጃችን የሚገባው በዚህ መንገድ ነውና።