ከዓይን ውኃ የሚቀዱ ሕዋሳት

ስኳር በሽታ ዓይን ይጎዳል ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ሬቲና ነው። እውነት ነው፣ ከባዱ ጉዳት እዚያ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ዓይን ፊት ለፊት ልውሰዳችሁ፤ ጥርት ብሎ ብርሃን ወደሚያሳልፈው ኮርኒያ። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በውስጠኛው ገጹ ላይ ኢንዶቴልየም የሚባሉ ሕዋሳት በአንድ ረድፍ ብቻ ተነጥፈዋል። አንድ ረድፍ! የኮርኒያ ጥራት በእነሱ ላይ የቆመ ነው።

ሥራቸው ምን መሰላችሁ? ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ከጀርባው ካለው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ሳያቋርጥ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከበዛ ግን ኮርኒያው ያብጥና ይደበዝዛል። ሕዋሳቱ ታዲያ ሶዲየምንና ሌሎች ጨዎችን መልሰው ይገፋሉ፤ ውኃውም ጨውን ተከትሎ ይወጣል። ሌት ተቀን፣ ያለ እረፍት።

ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ከሞቱ አይተኩም። በሰው ዓይን ውስጥ አይባዙም ማለት ይቻላል። አንድ ጤናማ ጎልማሳ በካሬ ሚሊ ሜትር ከ2,500 እስከ 3,000 ገደማ አሉት፤ በየዓመቱም ከመቶ 0.6 ያህሉ ይቀንሳሉ። አንዱ ሲሞት ጎረቤቶቹ ተለጥጠው ቦታውን ይሸፍናሉ። ቁጥሩ ወደ 500 እና ከዚያ በታች ሲወርድ መለጠጡም አያዋጣም።

እነዚህን ሕዋሳት ስፔኩላር ማይክሮስኮፕ በተባለ መሣሪያ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። የጤናማ ሰው ፎቶ ልክ የማር እንጀራ ይመስላል፤ ባለ ስድስት ጎን፣ እኩል እኩል። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው ፎቶ ላይ ግን አንዱ ሕዋስ ግዙፍ፣ አጠገቡ ያለው ኮሳሳ ሆኖ ይታያል፤ ባለ አምስትና ባለ ሰባት ጎንም ይበዛል። የሚገርመኝ፣ ቁጥራቸው ብዙም ሳይቀንስ ቅርጻቸው ቀድሞ ሊዛባ መቻሉ ነው። ትርፉ ስኳር በሕዋሱ ውስጥ ወደ ሶርቢቶል ይለወጥና ይከማቻል፤ ጨው የሚገፋው ኢንዛይምም ይዳከማል። ታማሚው ምንም ላይሰማው ይችላል። ችግሩ የሚገለጠው የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ነው። ቀዶ ሕክምናው ማንኛውም ዓይን ላይ የተወሰኑ ሕዋሳትን ይገድላል፤ የስኳር ታማሚ ላይ ግን ጉዳቱ ይበረታል፣ እብጠቱም ቶሎ አይጎድልም።

ስኳር ብቻውን አይደለም። የቪየናው ሐኪም ኤርንስት ፉክስ በ1910 እ.ኤ.አ. የገለጸው በሽታ ሕዋሳቱን ቀስ በቀስ ይጨርሳል፤ በዘር ይተላለፋል፣ ሴቶች ላይም ይበዛል። ምልክቱ ለየት ያለ ነው። ታማሚው ጠዋት ሲነሳ ጭጋግ ይጋርደዋል፤ ረፋዱ ላይ ይጠራለታል። ሌሊት ዓይን ተከድኖ ስለሚያድር ውኃው የሚተንበት መንገድ የለም፣ ሲገለጥ ግን ይተናል። በአገራችን በግላኮማና በሞራ ታማሚዎች ላይ በብዛት የሚታየው፣ ዓይን ውስጥ ነጭ ብናኝ የሚያከማቸው ሱዶኤክስፎሊየሽንም እነዚህን ሕዋሳት ያሳሳል። ሄርፒስ ቫይረስና ድንገተኛ የዓይን ግፊትም እንዲሁ።

ሕዋሳቱ ካለቁ መፍትሔው ከሟች ለጋሽ የተገኘ ኮርኒያ፣ አንዳንዴም ውስጠኛው ንጣፍ ብቻ፣ መተካት ነው። በኪዮቶ ያሉ ሐኪሞች ደግሞ ሕዋሳቱን በቤተ ሙከራ አባዝተው በመርፌ ዓይን ውስጥ ጨመሩ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የ11 ታማሚዎችን ውጤት አሳትመዋል። ለእኔ ትልቁ ዜና ይህ ነው፤ አይባዙም የተባሉት ከዓይን ውጭ ተባዙ!

ይህ ሕክምና እስኪደርሰን ግን ስኳር ያለባችሁ፣ ወይም ስኳር ያለባቸው እናትና አባት ያሏችሁ፣ ለሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ስትይዙ ስኳሩ ስንት ዓመት እንደቆየ ለሐኪሙ ንገሩ። የውስጠኛው ንጣፍ ሕዋሳት ሊታዩ ይችሉ እንደሆነም ጠይቁ።