የመንዝን ልጅ ኮምፒዩተር ማስተማር፦ ገንዘቡ የት ቢውል ያዋጣል?

ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ወጥቶ አዲስ አበባ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ የጭነት መኪና የገዛ ወይም በድለላ ሥራ ስሙን የተከለ ሰው በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ሳይቀርብለት አይቀርም። የወንድም ልጅ፣ ካልሆነም የጎረቤት ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልፏል፤ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው፤ «ኮምፒዩተር» መማር ይፈልጋል፤ እባክህ እጅህን ዘርጋለት። ቀደም ባለው ጊዜ ልመናው ስለ ሕክምና ወይም ስለ ሕግ ነበር። ዛሬ ከመሐል ሜዳም ሆነ ከዓለም ከተማ የሚመጣው ወሬ ሶፍትዌር ሆኗል።

ነጋዴው እሺ ይላል። አገሩ ነው፤ ዘመዱ ነው። ቀጥሎ የሚያነሳው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የትምህርት ክፍያው ስንት ነው?» በዚህ ሳምንት ገበያ ገጻችን ላይ ልናስረዳ የፈለግነው ይህ ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ልጅ የትምህርት ክፍያ ዛሬ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። ልጁን የሚያንገዳግደው ሌላ ወጪ ነው። ያ ወጪ ሳይለይ የተሰጠ ስኮላርሺፕ፣ ሰጪው እንደ ጽድቅ ቢቆጥረውም፣ ተቀባዩን ከችግር አያወጣውም።

ክፍያውን ማን ይከፍላል?

ቀድሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከነምግቡና ከነመኝታው በነፃ ነበር። ይህ የተለወጠው የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ደንብ ቁጥር 91 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለውም ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ነው። በልማድ «ኮስት ሼሪንግ» የምንለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን በዕዳ ይይዛል። የሚከፍለው ግን ተመርቆ ገቢ ካገኘ በኋላ ነው፤ ከወር ገቢው ከ10 በመቶ ያላነሰ እየተቆረጠ። ስሙም «የምሩቃን ግብር» ይባላል። ሐሳቡ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረችው ዘዴ የተቀዳ ነው።

በቁጥር እንየው። ተመራቂው በወር 15,000 ብር ቢቀጠር ቢያንስ 1,500 ብር ይቆረጥበታል። ቀጣሪው ደመወዙን ሲከፍል ቀንሶ ያስቀራል። መያዣ አልተጠየቀ፣ ዋስ አልተጠራ፣ ሱቅ አልታሸገ። ይህ ጸሐፊ በዚህ ሁኔታ የሚያበድር ባንክ ቢያገኝ ዛሬውኑ ይፈርም ነበር።

እንግዲህ ደጋጉ ነጋዴ «ዕዳውን ልክፈልለት» ብሎ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ቢያስገባ የሚያደርገው ነገር በአገሪቱ ውስጥ ከሁሉ የቀለለውን ብድር ከልጁ ላይ ማንሳት ነው። ልጁ በዚያው ሳምንት ሳሙና መግዣ ላይኖረው ይችላል። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ምግብ በዕዳው ውስጥ የሚቆጠር ስለሆነ ዞሮ ዞሮ የሚጻፈው በተመራቂው ሒሳብ ላይ ነው። ዛሬ አያስርበውም፣ ነገ ይከፍለዋል። እርዳታ የሚያስፈልገው በዛሬውና በነገው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ በራሳቸው ክፍያ የሚማሩትንም ይቀበላል። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ ገባ» ሲባል በመንግሥት ድጋፍ ነው ወይስ በክፍያ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

«ኮምፒዩተር» ገና አልገባም

ሁለተኛው ስሕተት የጊዜ ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው በጋራ ኮርሶች ነው፤ የትምህርት ክፍል የሚመደበው ከዚያ በኋላ በውጤቱ፣ በምርጫውና በክፍሉ የመቀበል አቅም ነው። ስለሆነም መስከረም ላይ «ለኮምፒዩተር ተማሪ» ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ በዓመቱ ለጂኦሎጂ ተማሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጂኦሎጂ ነውር ነው ማለታችን አይደለም፤ ሰጪው ያሰበው ግን እሱን አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲውን ራሱንም የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ ስላለው የአካባቢው ቤተሰብ ልጁ እዚያው ቢቀርለት ይወዳል፤ ከቤት ሽሮና በሶ ለመላክ ይቀርባል። ነገር ግን ዕጣው ወደ ጅማ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ሊወጣ ይችላል። ያኔ የአውቶቡስ ትኬት ብቻውን ራሱን የቻለ ወጪ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ለኪስ ገንዘብና ለመጓጓዣ ብቻ መስጠት፤ ትልቁን ወጪ ልጁ ኮምፒዩተር ሳይንስ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ መመደቡ ከታወቀ በኋላ ማውጣት። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት እንደሚፈጅም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ አራት ዓመት ብሎ ቃል የገባ ሰው አምስተኛው ዓመት ላይ ፊቱን ሲያዞር ማየት ደስ አይልም።

ላፕቶፑ ስንት በግ ነው?

ትልቁ ወጪ ላፕቶፕ ነው። የሕግ ተማሪ በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ ሊማር ይችላል። ፕሮግራም መጻፍ ግን እንደ ሽመና ነው፤ ከዕቃው ላይ ተቀምጠው ካልሠሩት አይለመድም። የዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍል ወረፋ አለው፤ ማታ ይዘጋል፤ መብራትም ይሄዳል። የራሱ ማሽን ያለው ልጅ ሌሊት ሲሳሳትና ሲያርም ያድራል፤ የሌለው ነገ የሚቀመጥበትን ወንበር ያስባል።

ዋጋውስ? የምንዛሪ ገበያው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። በ2018 መግቢያ ላይ ከ140 ብር በላይ ሆኗል። ውጭ አገር 300 ዶላር የሚያወጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ብንወስድ ቀድሞ 17,100 ብር የነበረው በ140 ሒሳብ 42,000 ብር ይመጣል፤ ያውም ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ። የመርካቶ አንባቢዎቻችን ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

አሁን ወደ መንዝ እንሂድ። በዚያ ደጋ የገበሬው ባንክ በግ ነው። ገብሱን ውርጭ ወይም በረዶ ሲመታው፣ ሰው ሲታመም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ በግ ይሸጣል። የመንዝ በግ ቁመናው ትንሽ፣ ብርዱን የሚችል፣ ጠጕሩም ለባና የሚሆን ነው፤ በሥጋ ሚዛን ግን ከባድ ዋጋ አያወጣም። ለስሌት ያህል አንዱን በ8,000 ብር ብንቆጥረው 42,000 ብር ማለት ከአምስት በግ በላይ ነው። ጥቂት በጎች ብቻ ላሉት ቤተሰብ ይህ ወለዱን ማውጣት አይደለም፤ ዋናውን መብላት ነው። የምንዛሪ ለውጡ የበጉን ዋጋም ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገበሬው የሚገዛው ማዳበሪያም የሚመጣው በዚያው ዶላር ነው።

የኪስ ገንዘቡን በተመለከተም አንድ ነገር ልብ ይሏል። በወር 3,000 ብር ለአሥር ወር ቢሰጥ በዓመት 30,000፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ነው። ላፕቶፑን ከነማጓጓዣው 50,000 ብንለው ጠቅላላው 170,000 ብር ይሆናል። ይህ ግን ዋጋ ባለበት ቢቆም ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች በአንደኛው ዓመት የተቆረጠ 3,000 ብር በአራተኛው ዓመት ምን እንደሚገዛ መገመት አያቅተንም። ቃሉን በብር ከመወሰን በየመስከረሙ እያዩ ማስተካከል ይሻላል።

የግል ኮሌጁ መንገድ

አንዳንዱ ነጋዴ ልጁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ባይደርሰው በግል ኮሌጅ አስመዝግቦ ከፍሎ ያስተምረዋል። እዚህ ላይ ክፍያው እውነተኛ ክፍያ ነው። ግን ገንዘቡን ከማውጣት በፊት አንድ ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች 48,632ቱ፣ ማለትም 62.37 በመቶው አለፉ። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ግን ያለፉት 12,422 ናቸው፤ 17.2 በመቶ። ከስድስቱ አንዱ መሆኑ ነው። በግሉ ዘርፍ ጥሩ የሚያስተምሩ ኮሌጆች አሉ፤ አማካዩ ግን ይህን ይመስላል። ስለዚህ ከፋዩ ከሕንፃው ማማር ይልቅ ኮሌጁ በኮምፒዩተር ትምህርት ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ ይጠይቅ።

ጠባቡ በር

እስካሁን የተናገርነው ዩኒቨርሲቲ ስለገባ ልጅ ነው። ዋናው ጣጣ ግን መግባቱ ላይ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። የመጨረሻውን በቁጥር ብናየው ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ካመጡት መካከል ከፊሉ በማካካሻ ትምህርት ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ።

ይህ አገር አቀፍ ቁጥር ነው። በሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ በ2014 መግቢያ ጦርነቱ እስከ ደጃፉ መድረሱን፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መክረማቸውን መጨመር አለብን። ከግሼ ራቤል ወይም ከቀየት የተነሳ ተማሪ የሚወዳደረው አዲስ አበባ ላይ ማስጠኛ ከተቀጠረለት ልጅ ጋር ነው።

ለዚህ ነው በዚሁ ዞን ያለውን አንድ ሙከራ ማየት የሚጠቅመው። ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለው የኃይሌ ማናስ አካዳሚ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ያቋቋሙት ትውልዳቸው ሸንኮራ የሆነው የታላቁ የግዕዝ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ወይዘሮ ርብቃ ኃይሌና ባለቤታቸው ዣን ማናስ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች በ2016 አስመርቋል። አቅም ለሌለው ተማሪ ክፍያው እንደ ቤተሰቡ ገቢ ይቀነስለታል። ነገሩ ውድ ነው፤ በአንድ ነጋዴ ኪስ የሚሞከር አይደለም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ያዋሉት ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ነው።

በአነስተኛ አቅምም ተመሳሳዩን ማድረግ ይቻላል። ከላይ በቆጠርነው 170,000 ብር አንድ ልጅ አራት ዓመት ይደገፋል፤ ወይም በ42,000 ሒሳብ አራት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ለአንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገዛሉ። ይህ ጸሐፊ ምርጫው ቢሰጠው ግማሹን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ያውለው ነበር። ሆኖም ባለቤትና ጠጋኝ የሌለው ኮምፒዩተር በቁልፍ ተዘግቶ አቧራ ሲጠጣ በየትምህርት ቤቱ አይተናል፤ ስለዚህ ከዕቃው ጋር የሚጠግነው ሰው ክፍያ አብሮ ካልታሰበ ለልጁ መስጠት ይሻላል።

ደረሰኝና ግብር

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነጋዴው በአገር ውስጥ ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠውን ስጦታ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀንስ ይፈቅዳል። ለልጁ በእጁ የተሰጠ ገንዘብ ግን በዚህ ውስጥ አይገባም። የኩባንያ ግብር 30 በመቶ በመሆኑ በደረሰኝ የተሰጠ 170,000 ብር ለሰጪው ድርጅት በተጨባጭ የሚያስወጣው 119,000 ብር ነው። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ከሒሳብ አዋቂ ጋር መመካከር ግድ ነው። የአንድ ወረዳ ተወላጆች በተናጠል ከሚረጩት ይልቅ በአንድ የተመዘገበ ማኅበር በኩል ቢሰጡ በዚህ ብቻ አንድ ተጨማሪ ልጅ ያስተምራሉ።

ከገንዘብ ሌላ ነጋዴው ብቻ ሊሰጠው የሚችለው ነገርም አለ። የኮምፒዩተር ተማሪ ከመመረቁ በፊት የሥራ ልምምድ ቦታ ይፈልጋል፤ ሰው የማያውቅ የገጠር ልጅ ደግሞ ይህን በቀላሉ አያገኝም። ደብረ ብርሃን የቢራ፣ የብርድ ልብስና የመስታወት ፋብሪካዎች እንዲሁም የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉባት ከተማ ናት። መጋዘኑን እስካሁን በደብተር የሚመዘግብ አከፋፋይም እዚያው አለ። ክረምት ላይ ሁለት ወር ያንን ደብተር ወደ ኮምፒዩተር እንዲያዛውር ለልጁ ቢሰጠው፣ የትራንስፖርቱን ብቻ ከፍሎ ሒሳቡን ያስተካክላል።