ዘር የሚሆን ብር

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወደ መንዝ የተላክን ሦስት ተማሪዎች ነን። ማታ ማታ፣ ከብቱ ከገባ በኋላ፣ ለጎልማሶች ማንበብና መጻፍ እናስተምራለን። አምና በኅዳር ወር አንድ ማታ በሰሌዳው ላይ «እናት ለነገ ታስቀምጣለች» ብለን ጻፍን። አንዲት እናት ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል አነበቡና ሳቁ።

«ማንበቡንስ አነበብኩት። ታዲያ ምን አለኝና ነው የማስቀምጠው? እኔ ከቤት የምውል ሴት ነኝ። ብር ያለው በአባወራው እጅ ነው» አሉ።

ሌሎቹም ሴቶች «እውነታቸውን ነው» አሉ። እኛ መልስ አጣን። ዓረፍተ ነገሩን የጻፍነው ፊደሉ ቀላል ስለሆነ ነበር እንጂ ነገሩን አስበንበት አልነበረም። እኚህን እናት በመንደሩ እንደምንጠራቸው እዚህም «እትዬ» እንላቸዋለን።

እትዬ ያን ማታ ከትምህርት በኋላ ሌላም ነገር ነገሩን። ታላቋ ልጃቸው 8ኛ ክፍልን ጨርሳ አቁማለች። 9ኛ ክፍል ያለው ከተማ ነው። ከተማ ለመማር ቤት መከራየት፣ ስንቅ መላክ ያስፈልጋል። የኪራዩ ብር ጠፋ፤ ልጅቷም ተዳረች። ታናሿ ደግሞ ያን ጊዜ 6ኛ ክፍል ነበረች። «እሷም እንደ እህቷ እንዳትቀር እፈራለሁ» አሉ።

እንግዲህ ከዚህ ተነሣን። ለመሆኑ ከቤት የሚውሉ እናት ብር የላቸውምን? በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ መስመር አሰመርንላቸው። በአንድ ወገን «የገባ»፣ በሌላው ወገን «የወጣ» ብለን ጻፍን። ለአራት ገበያ ያህል ራሳቸው እየጻፉ ቆዩ። ከአራት ገበያ በኋላ የተገኘው ይህ ነው። ከ35 እንቁላል 420 ብር። ከበግ ጠጉር ፈትል 600 ብር። ከቅቤ 380 ብር። ሲደመር 1,400 ብር። የወጣው ደግሞ ለጨው፣ ለቡና፣ ለሳሙና፣ ለዘይት፣ ለልጆች ደብተር 1,290 ብር ነው። የቀረው 110 ብር የት ገባ? እሳቸውም አላወቁትም። መሐረቡ ውስጥ አልነበረም።

እትዬ 1,400 የሚለውን ቁጥር ሦስት ጊዜ ደመሩት። «ይህ ሁሉ በእኔ እጅ አልፏል?» ብለው ጠየቁ። አዎ፣ አልፏል። በየገበያው ጥቂት ጥቂት እየሆነ ስለሚገባና ስለሚወጣ አይታይም እንጂ ብርስ ነበረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ገበሬ ገብሱን ወቅቶ ሲያበቃ አስቀድሞ ዘሩን ይለያል። ዘሩ በሌላ ጎታ ይገባል። ክረምት ላይ እህል ቢያጥርም ቤተሰቡ ዘሩን አይነካም። ዘር ከተበላ የሚመጣው ዓመት ባዶ ነውና። ይህን ለገበሬ እኛ ልናስተምር አንችልም። ነገር ግን የእህሉን ዘር የሚለይ ቤት የብሩን ዘር አይለይም። መጀመሪያ ይወጣል፣ ከተረፈ ይቀመጣል ይባላል፤ አይተርፍም። ስለዚህ ከገበያ ሲመለሱ አስቀድሞ የዘሩን ብር መለየት፣ የቀረውን መብላት ነው። በመጽሐፍ ቋንቋ መዋዕለ ንዋይ ይሉታል። ነጋዴዎች ወረት ይሉታል። ሁለቱም ተመልሶ እንዲወልድ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

እትዬ ለየገበያው 60 ብር ለመለየት ቆረጡ። በአራት ገበያ 240 ብር ይሆናል። ከየት መጣ? የጠፋው 110 ብር አንዱ ነው። ደግሞም እንቁላሉን ደጃፍ ድረስ ለሚመጣው ነጋዴ ከመስጠት ገበያ ወስደው ሲሸጡ በአንዱ 2 ብር አገኙ፤ በ35 እንቁላል 70 ብር ነው። ጨውና ሳሙናን ከጎረቤት ጋር ሆነው በብዛት ሲገዙ 60 ብር ተረፈ። ቡናውን አልነካነውም። «ቡና ተዉ» የሚል አስተማሪ ማታ ብቻውን ይቀራል።

የተለየው ብር የት ይቀመጥ? በቅል ውስጥ ቢቀመጥ አይጥ አለ፤ ከአይጥ የባሰ ደግሞ «ለዛሬ ብቻ አበድሪኝ» የሚል ዘመድ አለ። ስለዚህ እትዬና ሌሎች 29 ሴቶች እቁብ ገቡ። 30 ሴቶች በየገበያው 60 ብር ሲያዋጡ 1,800 ብር ይሆናል። በየገበያው አንዷ ዕጣ ይደርሳታል። እቁብ ብርን አያበዛም፤ ያስገቡትን ያህል ነው የሚያወጡት። ጥቅሙ ጥቂቱን ብር በአንድ ጊዜ ትልቅ አድርጎ መስጠቱ ነው። ሌላው ጥቅሙ ደግሞ ሰው ራሱን አታሎ ሳያስቀምጥ ሊቀር ይችላል፤ 29 ጎረቤት ግን አያታልልም። ዕጣ ቀድሞ የደረሳት ዋስ ትጠራለች። ማን ከፈለ ማን ቀረ የሚለውን ድሮ የሚጽፍላቸው አንድ የተማሪ ልጅ ነበር። አሁን ሴቶቹ በተራ ይጽፋሉ። አንድ ቀን ልጁ የጻፈው መዝገብ ላይ ስህተት ሲያገኙ የነበረውን ሁካታ ብታዩት!

እትዬ በ11ኛው ገበያ ዕጣ ወጣላቸው። «ምን ልግዛበት?» ብለው ጠየቁን። እኛም እርሳስ አነሣንና አሰላን። አራት ዶሮ ቢገዙ፣ እያንዳንዷ በዓመት 50 እንቁላል ብትጥል፣ 200 እንቁላል ይሆናል አልናቸው። ወረቀት ላይ ዶሮ አይሞትም። እትዬ አራት ዶሮ ገዙ። ግንቦት ላይ ዝናብ ሲጀምር ፈንግል ገባና አራቱንም፣ የቀድሞዎቹንም ጨመረ። ፈንግል ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ግን አለው፤ በዓይን የሚደረግ ጠብታ ነው። እኛ ይህን መጠየቅ ሲገባን አልጠየቅንም። ጥፋቱ የእኛ ነው። እትዬ ለአንድ ሳምንት ትምህርት አልመጡም። በሁለተኛው ሳምንት መጡና «ዘርም እኮ አንዳንድ ዓመት በረዶ ይመታዋል» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ምክር ከመስጠታችን በፊት የእንስሳት ጤና ኬላ ሄደን እንጠይቃለን።

ሁለተኛው እቁብ ሲጀመር እትዬ ነሐሴ ላይ ዕጣ ወጣላቸው። ወዲያው አልገዙም። እዚህ ላይ እሳቸው አስተማሪ፣ እኛ ተማሪ ሆንን። «የእንቁጣጣሽ በግ ውድ ነው። ሰው ሊያርድ ሲገዛ እኔ ላረባ አልገዛም» አሉ። የበግ ዋጋ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለአረፋ ይወጣል፤ በዓሉ ሲያልፍና ጾም ሲገባ ይወርዳል። ለማርባት የሚገዛ ሰው በወረደበት ይገዛል፤ የሚሸጥ በወጣበት ይሸጣል። ጥቅምት ላይ ዋጋው ረገበ። 1,800 ብር ብቻውን አልበቃም። ጎረቤታቸውም ዕጣ ደርሷት ስለነበር ሁለቱ አዋጡና በ3,600 ብር አንዲት ሴት በግ ገዙ። ስምምነቱን በደብተር ጻፉት። አንደኛው ግልገል የእትዬ፣ ሁለተኛው የጎረቤት፣ ሦስተኛው ተሽጦ ለሁለት። ጠጉሩን በየተራ ይፈትላሉ።

የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ብርድና ችግር ግን ትችላለች። አምስት ወር ታረግዛለች። ብዙውን ጊዜ አንድ አንድ ትወልዳለች። በደንብ ከተያዘች በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ረግረግ ላይ ከጋጠች የጉበት ትል ይይዛታል፤ ስለዚህ ረግረጉን መከልከልና የትል መድኃኒት በጊዜው መስጠት ያስፈልጋል። በዚህ ሂሳብ የእትዬ ድርሻ በሁለት ዓመት አንድ ግልገልና የአንድ ግልገል እኩሌታ ነው። ይህ የልጅቷን ትምህርት እስከ መጨረሻ አይችልም። የመጀመሪያውን ጊዜ ኪራይ ግን ሊሸፍን ይችላል።

ባንክስ? ባንክ የሰጡትን ብር ጠብቆ ወለድ ይጨምርበታል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 አድርጎታል። በዚህ ስሌት 1,000 ብር በዓመቱ 1,070 ብር ይሆናል። ሂሳብ ስትከፍቱ የዕለቱን ወለድ ጠይቁ። ወለድ መቀበል ሃይማኖቱ ለማይፈቅድለት ሰው ከወለድ ነፃ የሆነ ሂሳብ አለ። ታዲያ ሁሉን ብር ባንክ ማስገባት ነው? አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከመቶ 30 በላይ ነበር። በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ130 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በባንክ የቆየው 100 ብር ግን ከነወለዱ 107 ብር ገደማ ነው። ቁጥሩ አደገ፤ የሚገዛው ነገር አነሰ። በግ ደግሞ ዋጋዋ ከገበያው ጋር ይወጣል፤ ነገር ግን ትሞታለች፣ ተኩላም ይበላታል። ስለዚህ ቶሎ የሚያስፈልገው ብር ባንክ፣ የሚቆየው በበግና በመሳሰለው ቢሆን ይሻላል ብለን እናስባለን። ያለውን ሁሉ በአንድ ጎታ የሚያስቀምጥ ገበሬ አላየንም።

አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። «ብርሽን ስጪኝ፣ በወር እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ሌላ ሰው ካመጣሽም እጨምርልሻለሁ» የሚል ሰው ከመጣ አትስጡት። የሚከፍለው ኋላ ከገቡት ሰዎች ብር ነው። አዲስ ሰው የጠፋ ቀን እሱም ይጠፋል።

የባል ነገር ደግሞ አለ። አንዳንድ ሴቶች ደብቀው ማስቀመጥ ፈልገው ነበር። ለምን እንደፈለጉ ይገባናል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሴት ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር መብት አላት ይላል። በራሷ ስም የባንክ ደብተር ለማውጣት የባል ፈቃድ አያስፈልጋትም። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ነገር ግን በቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። የእንቁላሉ ብር የሁለቱ ከሆነ የበሬው ብርም የሁለቱ ነው። እትዬ ለባላቸው ደብተሩን አሳዩ። አባወራው ማንበብ አይችሉም ነበርና እትዬ አነበቡላቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እኔስ ስንት ይገባልኛል?» አሉ። አሁን በደብተሩ ላይ ሦስተኛ መስመር አለ። እሳቸውም ከጥር ጀምሮ ማታ ትምህርት ገብተዋል፤ «ሀ»ን ጨርሰው «ለ» ላይ ናቸው።

ታናሿ ልጅ አሁን 7ኛ ክፍል ናት። 9ኛ ክፍል እስክትደርስ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀራል። በጓ አርግዛለች። ባለፈው ኅዳር እትዬ ከተማ ወርደው በ200 ብር የባንክ ደብተር አወጡ። ጸሐፊዋ የቀለም ሳጥኑን አውጥታ አውራ ጣታቸውን ጠየቀቻቸው። እትዬ እስክሪብቶ ጠየቁ። ሲመለሱ ግን አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ። በደብተሩ ላይ ከብሩ ቁጥር በኋላ ነጥብና ሁለት ዜሮ ተጽፏል፤ ምን ማለት እንደሆነ አልገባቸውም። የሳንቲም አጻጻፍን በሚቀጥለው ትምህርት እናሳያለን።