የማረሻ እርፍና የሽጉጥ እጀታ፦ ርግጫው የት ይሄዳል?

ጉና ተራራ ግርጌ ገብስ የሚያርስ ገበሬ እጁን እንዴት እንደሚያደርግ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ማሳው ድንጋያማ ነው። ማረሻው ከተቀበረ ድንጋይ ጋር ሲጋጭ እርፉ እጅ ውስጥ ዘሎ ይመታል። ልምድ ያለው አራሽ ታዲያ እርፉን አንቆ አይዝም። መዳፉን ከላይ ጫን፣ ክንዱን ላላ አድርጎ፣ እርፉ ሲዘል አብሮት ትንሽ ይሄድና መልሶ ይጫነዋል። ጀማሪው ግን ጨምድዶ ይይዛል፤ ማታ አንጓውን ሲታሽ ያመሻል።

ይህን ያነሳሁት በሽጉጥ ምክንያት ነው። አሜሪካኖች አጋዘንና የዱር አሳማ በትልልቅ ሪቮልቨር (ጥይቶቹ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ በሚቀመጡበት ሽጉጥ) የማደን ልማድ አላቸው። ከሽጉጦቹ እጀታዎች አንዱን፣ ወደ ታች የተቆለመመውን የድሮ ቅርጽ፣ “የማረሻ እጀታ” ብለው ይጠሩታል። የእነሱ ማረሻ ባለ ሁለት እጀታ ነበር፤ ቢሆንም ሐሳቡ ያው የእኛው እርፍ ነው። እኛ አገር አደን በፈቃድ ነው፣ የጦር መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ጉዳይ ነው፣ ሽጉጥ ይዞ አደን መውጣትም የተለመደ አይደለም። ጥያቄው ግን የፊዚክስ ጥያቄ ስለሆነ አገር አይመርጥም፦ የሽጉጥን እጀታ በሌላ መቀየር ርግጫውን ያበርደዋል ወይ?

አጭሩ መልስ፦ እጀታው ርግጫውን አያጠፋውም። የሚቀይረው ርግጫው እጃችሁ ላይ የት፣ በምን ያህል ስፋትና በምን ያህል ርቀት እንደሚያርፍ ነው። ይህ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

ለምን እንደማያጠፋው ለማየት ከጉና ብዙ ሳንርቅ ወደ ጋፋት እንሂድ። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡባት ቦታ ናት። ከሁሉም ትልቁ ሴባስቶፖል ሲሆን፣ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1867 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ቅጂው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል።

መድፉ ግማሽ ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ወይም ብረት እንዲወረውር የታሰበ ነበር ይባላል። እስቲ እናስላ። ከመተኮሱ በፊት ሁሉም ነገር ቆሟል፣ ስለዚህ አጠቃላይ ሞመንተሙ (ክብደት ሲባዛ ፍጥነት) ዜሮ ነው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ መድፉ ያንኑ ያህል ሞመንተም ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ግዴታው ነው። መድፉ ከጥይቱ 14 እጥፍ ይከብዳል። ጥይቱ በሰከንድ 140 ሜትር ቢወጣ፣ ያ ሁሉ 7 ቶን በሰከንድ 10 ሜትር ይገፋል ማለት ነው። ይህንን የሚይዝ ሰው የለም፤ የሚይዘው መሬት ነው። ሴባስቶፖል አጭርና አፈ ሰፊ፣ አፈሙዙ ወደ ላይ የሚያይ የሞርታር ዓይነት ስለሆነ ርግጫው በአብዛኛው ወደ ታች፣ ወደ አፈሩ ይወርዳል።

ሽጉጥ ላይ መሬቱ የእናንተ እጅ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው በቃ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ያወጣውን 44 ማግነም እንውሰድ። አረሩ 15.5 ግራም ገደማ ነው፣ ፍጥነቱም በሰከንድ ወደ 430 ሜትር። ከኋላው የሚወጣውን የባሩድ ጋዝ ስንጨምርበትና ሽጉጡን 1.35 ኪሎ ግራም ብንል፣ ሽጉጡ በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ የሚሸከመው ጉልበትም ወደ 24 ጁል ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ 1.35 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከረጅም ሰው አናት ከፍታ ወርዶ መዳፋችሁ ላይ ያርፋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው 500 ማግነም ደግሞ የአረሩ ሞመንተም ብቻ የዚህን እጥፍ ያህል ነው፤ ለዚህም ነው ሽጉጡ ራሱ 2 ኪሎ የሚደርሰው። ክብደት የመጀመሪያው መድኃኒት ነው፤ የትኛውም እጀታ አይተካውም።

አሁን ወደ እጀታው። ያንን 24 ጁል እጃችሁ ማቆም አለበት። በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ካቆመው አማካይ ኃይሉ 2,400 ኒውተን ነው። በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ካቆመው 480 ኒውተን። ጀማሪው አራሽ አንጓውን የሚያመው በዚህ ሒሳብ ነው፤ ጨምድዶ ሲይዝ የማቆሚያ ርቀቱን ራሱ አሳጠረው። አምስቱን ሳንቲ ሜትር በዋናነት የምታገኙት ግን ከጎማ አይደለም፤ ከክርናችሁና ከትከሻችሁ ነው። ጎማ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ ጥቅሙም የመጀመሪያውን፣ አጥንት ላይ የሚያርፈውን ስለታም ምት ማለዘብ ነው።

ስለዚህ እጀታ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ጀርባውን ነው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል የሚቀመጠውን። ብዙ የእንጨት እጀታዎች ጎንና ጎኑን ብቻ ሸፍነው የጀርባውን ብረት ባዶ ይተዉታል። ብረቱ ጠባብ ነው። ስፋቱን ሦስት እጥፍ ብታደርጉት ያው ኃይል በሦስት እጥፍ ቦታ ላይ ይበተናል። ሆግና ፓክማየር የሚሠሯቸው አንዳንድ የጎማ እጀታዎች ጀርባውን ጭምር ይሸፍናሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ክፍት ይተዉታል። ከጎማነቱ ይልቅ ይህንን ጠይቁ።

ቅርጹ ግን ከዚህም የሚበልጥ ወሬ አለው። አፈሙዙ ከእጃችሁ በላይ ስለሚቀመጥ ርግጫው ወደ ኋላ መግፋት ብቻ ሳይሆን ሽጉጡን ወደ ላይ ያዞረዋል። የማረሻ እጀታ የሚባለው ይህንን መዞር ይፈቅዳል፤ ለስላሳ እንጨቱ መዳፍ ውስጥ ይንሸራተታል፣ አፉ ይነሳል፣ የርግጫው ከፊል በዚያ ያልፋል። እንዲያውም መዶሻው ወደ አውራ ጣት ስለሚቀርብ ለሚቀጥለው ተኩስ መወጠር ይቀላል። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ላይ የሚጣበቅ ጎማ መግጠም በእኔ አስተያየት ሥራውን ማበላሸት ነው። ችግሩ ጥይቱ እየከበደ ሲሄድ ይመጣል፦ መንሸራተቱ ከልክ ያልፍና የቃታው መከላከያ ቀለበት የመሐል ጣትን አንጓ ይመታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ብዙዎች የሚመርጡት ቢዝሊ የሚባለውን፣ ኮልት በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዒላማ ተኩስ ያወጣውን ቅርጽ ነው። ጀርባው ከፍ ብሎ ስለሚነሳ እጅ ወደ አፈሙዙ መስመር ይጠጋል፤ ማዞሪያው ክንድ አጠረ ማለት ነው። መዞሩ ይቀንሳል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚመጣው ግን ይጨምራል። አያችሁ፣ አልጠፋም፤ መንገድ ቀየረ እንጂ።

ወፍራም እጀታ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውም አያስኬድም። ሌባ ጣት ቃታው ላይ በቅጡ ካልደረሰ ሰው ሳያውቀው እጁን ወደ ጎን ያዞራል፤ ያኔ ርግጫው የሚያርፈው በክንድ መስመር ሳይሆን በአውራ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ነው። ትንሽ እጅ ላለው ሰው ቀጭን እጀታ ከለስላሳ ወፍራም ይበልጥበታል።

ይህ ሁሉ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። የሚያሳስበው ፍርሃቱ ነው። ርግጫ የለመደ ሰውነት ቃታው ሳይለቅ ቀድሞ ይሸማቀቃል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ አፉ ወደ ታች ይደፋል፤ አውሬውም ሳይሞት ቆስሎ ጫካ ይገባል። ተኳሹ ራሱ ይህንን አያውቀውም፣ ምክንያቱም ርግጫው ወዲያው መጥቶ ስህተቱን ይሸፍንለታል። የተቀየረው እጀታ ረድቶ እንደሆነ የሚያሳየው ፈተና እንግዲህ ቀላል ነው፦ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ፣ አጠገባችሁ ያለ ሌላ ሰው ከበሮው ውስጥ እውነተኛ ጥይትና ያልተሞላ ባዶ ቀለህ አደባልቆ፣ ቅደም ተከተሉን ሳይነግራችሁ ያቀብላችኋል። ባዶው ላይ ሲደርስ አፈሙዙ ቀጥ ብሎ ከቆየ እጀታው ሠርቷል። ወደ ታች ከደፋ እጃችሁ አሁንም መዶሻውን እየጠበቀ ነው፤ ያኔ ሌላ እጀታ ከመግዛት በፊት ቀለል ያለ ጥይት ይሞከር።