ቀዩን አፈር ጥቁር ያደረገው ስሌት

ቅዳሜ ዲመካ ገበያ የወጣ ሰው የሐመር ሴቶችን ጸጉር ሳያደንቅ አይመለስም፤ በቅቤና በቀይ አፈር ተለውሶ፣ ተገምዶ የወረደ ጸጉር ነው። ቅላቱ ሄማታይት ከሚባል የብረት ኦክሳይድ የሚመጣ ነው። ገዘርና ጂንካ ባሉበት በአሪ ምድር ሸክላ መሥራት የቆየ ሙያ ነው፤ ብረት ያለበት ጭቃ አየር እያገኘ ሲተኮስ የሚቀላውም ይኸው ማዕድን ስለሚፈጠርበት ነው።

በሄማታይት ክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱን ብረት 6 ኦክስጅኖች ይከቡታል። ርቀታቸው ግን እኩል አይደለም። ጎረቤታም ሁለት ብረቶች ሦስት ኦክስጅኖችን ይጋራሉ፤ ሁለቱም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፣ እያንዳንዱም ከመሐል ወደ ዳር ይሸሻል። በዚህም የተነሣ የጋራዎቹ ኦክስጅኖች ከብረቱ 0.212 ናኖሜትር ሲርቁ የቀሩት ሦስቱ በ0.195 ናኖሜትር ይቀርባሉ። የብረቶቹ ጉርብትና ብርሃን የመምጠጥ አቅማቸውንም ያጎለብተዋል። መዛነፉን በኤክስሬይ መለካት ይቻላል፤ በዚህ ልክ የሆነበትን ምክንያት ከመሠረቱ ማስላት ግን የኳንተም መካኒክስ ሥራ ነው።

ሥራው ከባድ ነው። እየተደጋገመ ክሪስታሉን የሚገነባው ትንሹ ክፍል 4 ብረትና 6 ኦክስጅን፣ በድምሩ 152 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ አንዱ ሌላውን ስለሚገፋ ለየብቻ ማስላት አይቻልም። መውጫውን ያገኙት ዋልተር ኮንና ባልደረቦቹ ናቸው። እያንዳንዱን ኤሌክትሮን መከተል ሳያስፈልግ፣ በየቦታው ያለውን የኤሌክትሮኖች ጥግግት ማወቅ እንደሚበቃ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 አሳዩ፤ ኮን በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ኮምፒውተሩ በየአቶሙ ላይ ያለውን ኃይል ያሰላል፣ አቶሞቹን ጥቂት ያንቀሳቅሳል፣ ኃይሉ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ድረስ ደግሞ ደጋግሞ ያሰላል።

ሄማታይት ላይ ግን ቀላሉ ስሌት ቀለሙን ሳተ። በቁሱ ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ብርሃን መጥጦ ለመዝለል የሚያስፈልገው ጉልበት ሲለካ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ግድም ነው፤ ስሌቱ የሰጠው ግን ግማሽ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነበር። እንዲህ ያለ ቁስ የሚታየውን ብርሃን ሁሉ ይውጣል። በስሌቱ ቢሆን ኖሮ የዲመካው ቀይ ጸጉር ጥቁር በሆነ ነበር! ጥፋቱ ያለው ብረት ዲ በሚባለው ምሕዋሩ በያዛቸው ኤሌክትሮኖች ላይ ነው። እነዚህ በጠባብ ስፍራ የታጨቁ ስለሆኑ አጥብቀው ይገፋፋሉ፤ ስሌቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይበትናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ቭላዲሚር አኒሲሞቭና ባልደረቦቹ ይህን ግፊት የሚወክል ዩ የተባለ መጠን ጨመሩበት። ዩ 4 ኤሌክትሮን ቮልት ግድም ሲደረግ ቀዩ ቀለም ይመለሳል።

ዩን ከልኬቱ ጋር እስኪገጥም እየቀያየሩ መምረጥ ግን መልሱን አይቶ ጥያቄ እንደ ማውጣት ነው። ዋጋውን ከስሌቱ ከራሱ የሚያወጣ ዘዴ ስላለ፣ ያኛው ይሻላል።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ 10 አቶሞችን ለማስላት ደህና ኮምፒውተር ይበቃል። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ርዕስ ስትፈልጉ ከደጃችሁ ቀይ አፈር ጀምሩ።